በኦስሎ የጠየቅሁት ይቅርታ

ከኦስሎ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «በረዶ አየሽ?» ይለኛል። አየሁ፤ ግን በየሕንፃው ጥግ ጠቁሮ የተከመረ ትራፊ ነው። እኔ የማልረሳው ጠጠሩን ነው። ሰው እንዳይንሸራተት ክረምቱን ሙሉ በእግረኛ መንገድ ላይ ጠጠር ይበትናሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ጠጠሩ ይቀራል። ስምንት ቀን ሙሉ ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰነበተ። ቁጭ ማለት ስለማይሆንልኝ ብዙ ሄድኩበት። እናቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ» ትለኝ ነበር፤ እሾሁ በሃምሳ ሁለት ዓመቴም አልተነቀለም።

ሥራዬ የቀበሌ ማኅበራዊ ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው። የሽግግር መንግሥቱ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ኦስሎ ያለ አንድ የማኅበራዊ ሥራ ኮሌጅ ለአንድ ሳምንት ጠራኝ። ተማሪዎቻችን ስለ ዘረኝነት እንዲማሩ እርጂን ይላል ደብዳቤው። እኔ ደግሞ ስለ ዘረኝነት የማውቀው ነገር ነጮች የሚያደርጉት መሆኑን ብቻ ነበር። ይህን እዚህ ላይ ማስቀመጤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ቅዳሜ

በፍራንክፈርት በኩል ሄጄ እኔ ኦስሎ ስደርስ ሻንጣዬ ፍራንክፈርት ቀረ። ካፖርቴ፣ ቦት ጫማዬ፣ ለማስተማር ያዘጋጀሁት ወረቀት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለአንዲት ሠራተኛ እንደ አገሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አቤት አልኩ። እሷ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጽ ሞልቶ ሻንጣ ያገኘ ሰው ስለማላውቅ ቁርጤን አውቄ ወጣሁ።

ውጭ ሁለት ሰዎች ይጠብቁኝ ነበር። አንደኛዋ ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ጴንጤ፣ በዕድሜ እኩያዬ። የማድረው እሷ ቤት ነው። ሁለተኛዋ የእህቷ ልጅ ራሔል፣ የዚያው የጠራኝ ኮሌጅ ተማሪ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ መጥታ አሁን ሃያ አራት ሆኗታል። ዘነበች ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ራሔል ግን እጇን ዘርግታ «ሙሉ ማለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እናቴ የምትሆን ሴት «አንቺ» ብል ጥርሴ ይረግፍ ነበር። ዘነበች አይታኝ፣ እዚህ ልጆቹ ሐኪሙንም ሚኒስትሩንም እንዲህ ነው የሚሉት፣ አትቀየሚ አለችኝና ወዲያው የራሷን ካፖርት አውልቃ አለበሰችኝ። እሷ በሹራብ ቀረች። እምቢ ብልም አልሰማችኝም።

ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ዘነበች ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሃውገሩድ ሄድን። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ቆሞ ሳለ ከራሔል ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው። እኔ ለእንግዳ ቦታ ማስፋታቸው መስሎኝ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ ለራሔል ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘነበች ሁዳዴ መሆኑን አስባ፣ እሷ ጾም ከተወች ስንት ዓመቷ፣ ምስርና ጎመን ሠርታ ጠበቀችኝ። እንጀራው በስንዴ ዱቄት የተጋገረ ነው። ሳልዋሽ ልናገር፣ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል፤ ግን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።

እሑድ

ጠዋት ተነሥቼ የሕንፃዎቹን ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ሱቅ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት አሥር ሰው «ወዴት ነው በጠዋት?» ይለኝ ነበር፤ እዚህ አንድ ውሻ ብቻ ቆሞ አየኝ።

ከሰዓት ከዘነበች ጋር ጉባኤያቸው ሄድኩ። የኖርዌጂያኖቹ አምልኮ ሲያበቃ አዳራሹን ይከራያሉ። እኔ ማርያምን ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም አልጎነተለኝም፤ እንዲያውም አንዲት ሴት ከቦርሳዋ ወፍራም ካልሲ አውጥታ እግርሽ ይሞቃል ብላ ሰጠችኝ።

ስንመለስ ዘነበች ሳህን እያጠበች የሆዷን ነገረችኝ። ራሔል ፕራክሲስ ላይ ናት። ፕራክሲስ ማለት ተማሪው መሥሪያ ቤት ተመድቦ ሥራውን የሚለማመድበት ጊዜ ነው። እሷ የተመደበችው ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለችግረኛ እርዳታ የሚሰጥበት ቢሮ ነው። የቢሮው አለማማጅ ቶሬ የሚባል ሰው ሲሆን፣ በአጋማሹ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎባታል፤ እንዲህ ከቀጠለች ትወድቃለች የሚል። ረቡዕ ስብሰባ አለ። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፣ ደግማ ከወደቀች ትምህርቱ እዚያው ላይ አበቃ።

«ሙሉዬ» አለችኝ ዘነበች፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ያከብሩሻል። ገብተሽ አስታርቂልኝ።»

«ናይ» የሚል ድምፅ ከክፍሉ መጣ። ናይ በእነሱ ቋንቋ አይ ማለት ነው። ራሔል በሩን ሳትከፍት ነው ያለችው። እኔ ግን ቀድሞውኑ እሺ ብያለሁ። በሕይወቴ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ቀበሌና ነዋሪ አስታርቄያለሁ። አንድ ቶሬ ያቅተኛል?

ሰኞ

የጋበዘችኝ መምህርት ሊቭ ትባላለች። ቁመቷ ረጅም፣ ፀጉሯ አጭር፣ ሰዓቷን በየደቂቃው የምታይ ሴት ናት። ገና ከመድረሴ የሳምንቱን ፕሮግራም በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ተከፋፍሎ ሰጠችኝ። ምሳ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁሉም ከቤቱ በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ አውጥቶ ቀስ ብሎ ይበላል፤ አንዱ ለአንዱ «እንብላ» አይልም። ዘነበች ለእኔም ዳቦ በማርማላታ ጠቅልላልኝ ነበር። ልማዴ አልለቅ ብሎኝ ለሊቭ ቆርሼ ባጎርሳት አፏን ከፈተች፣ ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ከምሳ በኋላ አስተማርኩ። ወረቀቴ ፍራንክፈርት ስለሆነ ከአፌ እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩት። ስለ አገራችን ይሉኝታ፣ ስለ አክብሮት፣ ታናሽ ከታላቅ ፊት ዓይኑን እንደሚሰብር፣ ሰው በራሱ ቅሬታ አፉን እንደማይከፍት ነገርኳቸው። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! ስልሳ ያህል ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍልኛል፤ ደስ አለኝ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ከእናንተ አገር የመጣ ሰው ጸጥ ካለ ባህሉ ነው ብለን እንተወው? ሲል ጠየቀ። ሰዓቱ አለቀ ብላ ሊቭ አቋረጠችን። ኋላ ወንበር ላይ ራሔል ምንም አልጻፈችም።

ስለ ዘረኝነት ተጠርቼ ስለ ጨዋነታችን ብቻ ተናግሬ መውጣቴ ከነከነኝ። ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ወደ ቤት ስሳፈር ባቡር ተሳሳትኩ። ሃውገሩድ መቼ ይደርሳል ስል ስል ሁሉም ወረደ፤ ቬስትሊ ነው፣ የመስመሩ መጨረሻ። ሰማዩ ደመና፣ ሕንፃው ከሃውገሩዱ ጋር አንድ ዓይነት፣ እኔ የት እንዳለሁ የማላውቅ። ላብ ላብ አለኝ።

«ተሳስተሽ ነው የመጣሽው፣ እህቴ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው የአሥመራ ቃና አለው። አቶ ሃብተ ይባላሉ፣ በጽዳት ሥራ ቆይተው ጡረታ የወጡ ናቸው። መንገዱን ማሳየት ሲበቃቸው ተመልሰው አብረውኝ ተሳፈሩ፤ ቶየን በሚባለው ጣቢያ ወርደን ትክክለኛውን ባቡር እስክይዝ ድረስ አጠገቤ ቆሙ። አገሮቻችን ሁለት ከሆኑ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እኔ ስለሱ ምን ልበል እያልኩ ስጨነቅ እሳቸው ስለ ሥራቸው ያወሩኛል። አንድ ጊዜ የወለል ማጠቢያ ማሽን ተሰብሮ ተገኘ። እሳቸው አልሰበሩትም፤ ነገሩ እንዲበርድ ብለው ግን ለአለቃቸው «በእኔ ይሁን» አሉት። አለቃው አመስግኖ ጻፈው። ጡረታ እስኪወጡ ያ ጽሑፍ ሲከተላቸው ኖረ።

«እዚህ አገር ሰው ራሱን ሲወቅስ አይከለክሉትም» አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ባቡሬ መጣና ረሳሁት።

ማክሰኞ

ተአምር ልንገራችሁ፤ ሻንጣዬ በመኪና እስከ በሩ ድረስ መጣ። ያመጣው ልጅ አስፈርሞኝ ሄደ፤ ጉርሻ ብሰጠው እንኳ አልገባውም። ወረቀቴን ሳገኘው ግን ትናንት ከተናገርኩት ብዙም የተለየ አልነበረም።

ከሰዓት ራሔልን በግድ ጎትቼ ወደ ትቬይታ የገበያ ማዕከል በእግራችን ሄድን። ቁጭ ብላ የማትናገር ሰው ስትሄድ ትናገር ይሆናል ብዬ ነው፤ እኔ ራሴ እንዲያ ስለሆንኩ። ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል። የእግረኛ ድልድዩ ላይ ስንደርስ መናገር ጀመረች።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቢሮው መጥቶ ሲያያት «ኖርዌጂያን ሰው ስጡኝ» አለ። ቶሬ ቀልድ አስመስሎ አለፈውና ሽማግሌውን ራሱ አስተናገደው። በሳምንቱ አንዲት ሴት እንዲሁ አለች። ቶሬ አሁንም ራሱ ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቅ፣ አስቸጋሪ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ሰው ሁሉ እሱ ይወስደዋል። ራሔል ፋይል ማስተካከል ሆነ ሥራዋ። አንድ ወር ተኩል ፋይል ስታስተካክል ከርማ ደብዳቤው መጣ። ተነሳሽነት ይጎድላታል፣ ከባለጉዳዮች ጋር ያደረገችው ውይይት ጥቂት ነው ይላል።

ለምን ለሊቭ አልነገርሻትም? አልኳት። ኮሌጁ ስለ ዘረኝነት ያስተማረን አንድ ከሰዓት ነው፣ ያውም ስለ ደቡብ አፍሪካ፣ አለችኝ። ሁለተኛው ከሰዓት ያንቺ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ዝም ማለታችን ባህላችን እንደሆነ ነገርሻቸው።

ውሃ ሆንኩ። የገበያ ማዕከሉ ደርሰን ምን እንዳየን አላስታውስም። አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ በላይ ውስጤን ጎረበጠው፤ የሆነ ቦታ የማውቀው ታሪክ መሰለኝ። ምን እንደሆነ ላስታውስ አልፈለግኩም። ነገ ሄጄ አስታርቃለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ

ስብሰባው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሊቭ፣ ቶሬ፣ ራሔልና እኔ። ቶሬን ክፉ ሰው አድርጌ ስዬው ነበር፤ ጺሙ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ለሁላችንም ወንበር የሚስብ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ይህ ደግሞ የበለጠ አቁነጠነጠኝ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ ሽምግልና እንዴት እንደሚጀመር ታውቃለህ። ሽማግሌ የሚገባው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመመርመር አይደለም። ተነሥቶ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ለእኔ ሲሉ ይቅር ይበሏት» ይላል። ያኛው ወገን ደንግጦ ይነሣል፤ «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ፣ እሷ ምን አጠፋች፣ እኔም አብዝቼዋለሁ» ይላል። ያኔ ነው ነገሩ የሚከፈተው። ጥፋቱን አንስቶ መሸከም በሩን ማንኳኳት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እኔም ተነሣሁ። ጎንበስ አልኩ። ራሔል ገና ልጅ መሆኗን፣ ጉድለት ካለባት በእኔ ይቅር እንዲሏት፣ ከእንግዲህ እንደምትተጋ እኔ ዋስ እንደምሆን ተናገርኩ። ከዚያ ቶሬ እስኪነሣ ጠበቅኩ።

ቶሬ አልተነሣም። በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፣ ስለ ግልጽነቴም አመሰገነኝ። ሊቭ ጻፈች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፣ እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ነኝ። ቶሬ ቀጠለና የሰኞውን ንግግሬን ተማሪዎች እንደነገሩት፣ የራሔል ዝምታም ከባህሏ የመጣ መሆኑን አሁን በደንብ እንደተረዳ ተናገረ። ሊቭ ያንንም ጻፈች። ስብሰባው አበቃና ወጣን። ራሔል በባቡሩ ሌላ ፉርጎ ተሳፈረች።

ሐሙስ

በእነሱ አሠራር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማግሥቱ ለሁሉም ይሰጣል፤ አስተያየት ያለው ሰው በተቀጠረው ቀን ያቀርባል፤ ካለፈ ጸንቶ ይቀራል። ራሔል ወረቀቱን ይዛ ከኮሌጅ መጣች። ዘነበች ከሥራ ገብታ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋለች። ራሔል ካፖርቷን ሳታወልቅ መሐል ወለል ላይ ቆማ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን።

«ከተማሪዋ አገር የመጡት ባለሙያ ተማሪዋ ጉድለት እንዳለባት አምነው ስለ እሷ ይቅርታ ጠይቀዋል። ጉድለቱ ከባህል የመነጨ መሆኑ ተገልጿል።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ቶሬ ብቻውን ሲጽፍብኝ መልስ ነበረኝ። አሁን የጻፍሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ዘነበች ልታጽናናኝ ሞከረች፤ አላወቅሽም፣ አንቺ ለደግ ብለሽ ነው አለችኝ። እኔ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። ሃውገሩድን ዞርኩት። አቶ ሃብተ ትዝ አሉኝ፤ ሳቃቸውና ሳቄም። ያን ያህል ግልጽ አድርገው ነግረውኝ ባቡሬን ስጠብቅ ነበር የሰማኋቸው። ቆሽቴ አረረ፤ በራሴ።

ስመለስ ራሔልን አንኳኩቼ ገባሁና ይቅርታ ጠየቅኳት። ይሄኛው እውነተኛው ነበር፤ እንድትነሣልኝም አልጠበቅኩም፣ አልተነሣችምም። ከትራስዋ ሥር ግን አንድ የኪስ አጀንዳ አወጣች። ባለጉዳይ የተወሰደባትን ቀን ሁሉ፣ ሰዓቱንና ቶሬ የሰጠውን ምክንያት በእርሳስ ይዛለች። ለማን ልታሳየው እንደጻፈችው ራሷም አታውቅም። አስተያየት ማቅረቢያው አርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ነው። የእኔ አውሮፕላን ቅዳሜ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እሷ የእሷን፣ እኔ የእኔን ጻፍን። ዘነበች ዳቦ እየቆረጠች አቀረበችልን፤ ቡናማውን አይብ ለራሔል፣ ማርማላታውን ለእኔ።

አርብ

ሊቭ አራት ሰዓት ላይ በድጋሚ ተቀበለችን፤ ቶሬንም በስልክ ጠርታ አስመጣችው። እኔ ቆሜ አልተናገርኩም። ተቀምጬ፣ ረቡዕ የጠየቅሁት ይቅርታ በእኛ አገር የነገር መክፈቻ እንጂ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ፣ የማያውቁትን ልማድ ሳላስረዳ ማምጣቴ የእኔ ስሕተት መሆኑን አነበብኩ። ከዚያ ራሔል አጀንዳዋን ከፍታ ቀኖቹን ጠራች። ሊቭ ሰዓቷን ማየት ተወች።

ቶሬ፣ ለእሷ ብዬ ነው አለ። እንድትዋረድ አልፈለግኩም፣ ልጠብቃት ነው።

ያኔ ነው ማክሰኞ የጎረበጠኝ ነገር ፊት ለፊት የመጣብኝ። ለእሷ ብዬ ነው። ይህንን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት፤ ከስድስት ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ፣ ስለ ወርቅነሽ። ወርቅነሽ ሠልጣኜ ነበረች፤ ወላጆቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የተመደበችበት ቤት ያሉ ሰዎች ዘሯን አጣሩና ቡዳ ናት ብለው፣ ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ እሷው እያየች ሰበሩት። እኔ ሰዎቹን ምንም አላልኳቸውም። ወርቅነሽን ወደ ቢሮ መለስኳትና ፋይል ሰጠኋት። ለእሷ ብዬ። ሥልጠናውን ሳትጨርስ ሄደች።

ይህን ሁሉ ለሦስቱም ነገርኳቸው። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል፤ የመጣሁት ላስተምር ነበር። ቶሬ ቀና ብሎ፣ ለምን እንዳነሣሻት ነግረሻት ነበር? አለኝ። አልነገርኳትም አልኩት። እኔም አልነገርኳትም አለ።

ራሔል ያን ጊዜ ዓይኑን እያየች ተናገረች። «ሽማግሌው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ሰው በባቡርም ከአጠገቤ አይቀመጥም። ያላወቅኩት አንተ ምን እንደምትል ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ‹የምታስተናግድህ እሷ ናት› ብትለው ይበቃኝ ነበር።»

ባዶውን ወንበር ያኔ አስታወስኩት። ጨዋ ሰዎች ናቸው ብያት ነበር።

ቶሬ ብዕር ጠየቀ። ስለ ባህል የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ሰረዘና ፈረመበት። የእኔ ይቅርታም ተሰረዘ፤ የራሔል ቀኖች በአባሪነት ገቡ። ሊቭ ማስጠንቀቂያው ተነሥቶ ፕራክሲሱ በሌላ ቢሮ እስከ ሰኔ እንዲራዘም፣ እሷም በየሳምንቱ እየሄደች ከራሔል ጋር እንድትቀመጥ አስወሰነች። ስንወጣ እልል የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ራሔል ደክሟት ነበር፤ ባቡር ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔም ለአንድ ጊዜ ሳልቁነጠነጥ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ

ዘነበች እንደ ኮሌጁ ሰዎች ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ያዘችልኝ። ካፖርቷን ብመልስላት ውሰጂው አለች፤ አዲስ አበባ ምን ላደርግበት ነው ብል የሐምሌን ዝናብ አስታወሰችኝ። አሁን ሐምሌ ላይ ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ራሔል ሻንጣዬን እየገፋች፣ እንደ ዋዛ «ለዚያች ልጅስ ነገርሻት?» አለችኝ። የቷ ልጅ አላልኳትም። አልነገርኳትም አልኳት። ሻንጣውን ሰጥታኝ ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ።

ሰኔ ውስጥ ካርድ ላከችልኝ፣ አልፋለች። እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማሠልጠኛው መዝገብ ቤት ገብቼ የወርቅነሽን ፋይል አስወጣሁ። ግምገማው ተገኘ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። «ተነሳሽነት ይጎድላታል። ከቤተሰቦች ጋር ያደረገችው ውይይት ጥቂት ነው።» የቶሬ ቃል ነው፤ እሱ «ባለጉዳዮች» ያለውን እኔ «ቤተሰቦች» ማለቴ ብቻ ይለያል። ከሥሩ ማስተካከያ ልጽፍ ብዕር አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ እሷ ሳታውቀው ማን ሊያነበው ነው? ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰው ጠይቄ አገኘኋት። ከአዲሱ ገበያ በላይ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ስታየኝ መኪናውን አቆመች፣ ተነሣች፣ «እትዬ ሙሉ» አለች። አልረሳችኝም። ስለ ኦስሎ መዘባረቅ ጀመርኩ፤ እሷ ጓዳ ገብታ ውሃ በብርጭቆ አመጣችልኝ። ሰጥታኝ አልተቀመጠችም። ቆማ ታየኛለች፣ እጄን ነው የምታየው። ጠጣሁት፣ እስከ ታች።

ባዶውን ብርጭቆ ከእጄ ተቀብላ ሞላችልኝና ተቀመጠች። የመጣሁበትን ነገርኳት፣ ጎንበስ ሳልል። ጨርሳ ሰማችኝ።

«ያኔ የጻፉትን ይዘውታል?» አለችኝ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«እርስዎ ያንብቡልኝ» አለች።

አነበብኩላት።